ኡቡንቱ ወደ ቢሮ ሲገባ፦ የአፍሪካ የአብሮነት ፍልስፍና ለሥራ አመራር ምን ይዞ ይመጣል?

የማኔጅመንት መጻሕፍት ሁሉ ስለ ሰው አንድ እምነት ይዘው ይነሳሉ፤ አብዛኞቹ ግን እምነታቸውን አፍ አውጥተው አይናገሩም። ፍሬደሪክ ቴይለር በ1911 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳተሙት የ«ሳይንሳዊ አመራር» ሐሳብ ሠራተኛን የሚያየው ከተተወ የሚለግም፣ በሰዓት ተለክቶና በክፍያ ተገፋፍቶ የሚሠራ አድርጎ ነው። ማይክል ጄንሰንና ዊልያም መክሊንግ በ1976 ባወጡት፣ ዛሬም በየቢዝነስ ትምህርት ቤቱ በሚጠቀሰው ጥናታቸው ደግሞ ድርጅት የሚባል ነገር ራሱ የለም ለማለት ትንሽ ነው የቀራቸው። በእነሱ ዓይን ያለው የውሎች ቋጠሮ ነው፤ ባለአክሲዮኑ ከሥራ አስኪያጁ፣ ሥራ አስኪያጁ ከሠራተኛው፣ ድርጅቱ ከአበዳሪው ጋር የተዋዋለው ሁሉ አንድ ላይ ሲታሰር «ኩባንያ» ይባላል። ተዋዋዩ ሁሉ የየራሱን ጥቅም ያሳድዳል፤ አመራር ማለት እንግዲህ እነዚህ ጥቅሞች እንዳይጣረሱ ቁጥጥርና ማበረታቻ መደርደር ነው።

የአፍሪካን የአብሮነት ፍልስፍና የድርጅት አመራር መሠረት እናድርገው የሚሉ ሰዎች ጠባቸው ከዚህ መነሻ ጋር ነው። ሰው መጀመሪያ ለብቻው ሙሉ ሆኖ ቆሞ፣ ከዚያ በኋላ ከሌላው ጋር ለመዋዋል የሚመጣ ፍጡር አይደለም ይላሉ። ዙሉዎች «ኡሙንቱ ንጉሙንቱ ንጋባንቱ»፣ ሶቶዎች «ሞቶ ኬ ሞቶ ካ ባቶ» ሲሉ፣ ሰው ሰው የሚሆነው በሰዎች ነው ማለታቸው ነው። ይህ አስተሳሰብ በደቡብ አፍሪካ ኡቡንቱ፣ በቦትስዋና ቦቶ፣ በዚምባብዌ ሾናዎች ዘንድ ኡንሁ ይባላል። (ኡቡንቱ ሲባል የኮምፒውተር ሥርዓት ትዝ ለሚላችሁ፦ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ በ2004 ለጀመሩት የሊኑክስ ሥርዓት ስሙን የወሰዱት ከዚሁ ነው።)

ነገሩ ፈላስፎች እጅ ሲገባ አንድ ወጥ ሆኖ አልቆየም። ኬንያዊው ጆን ምቢቲ በ1969 «እኔ ያለሁት እኛ ስላለን ነው» የሚለውን ሐሳብ በሰፊው አሳወቁ። ናይጄሪያዊው ኢፈአኒ መንኪቲ በ1984 ጠንከር ያለ መደምደሚያ ላይ ደረሱ፦ ሰውነት በመወለድ ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ በማኅበረሰብ ውስጥ ግዴታን እየተወጡ ቀስ በቀስ የሚደርሱበት ማዕረግ ነው፤ ሳይደርሱበት መቅረትም አለ። ጋናዊው ክዋሜ ጄቼ ይህን አልተቀበሉም። ግለሰቡ ማኅበረሰቡን የመመዘን፣ የመተቸት፣ ሲያስፈልግም አሻፈረኝ የማለት አቅምና መብት አለው፤ ግዴታውና መብቱ ጎን ለጎን ይቁሙ አሉ።

ይህ የመምህራን ክርክር ይመስላል፤ ቢሮ ውስጥ ሲገባ ግን እንጀራ የሚያሳጣ ልዩነት ነው። የግዢ ክፍሉ ውስጥ የሚሠራን ሌብነት ያጋለጠ ሠራተኛ አለ እንበል። መንኪቲን ይዞ የሚሟገት አለቃ «የቤታችንን ገመና አወጣ» ሊለው ይችላል። ጄቼን የያዘ ደግሞ ይህ ሰው ነው ለማኅበሩ የተቆረቆረው ይላል። ስለዚህ «ድርጅታችን በኡቡንቱ ይመራል» የሚል ማስታወቂያ ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥያቄ የትኛው ኡቡንቱ የሚለው ነው።

ለድርጅት ጉዳይ ከሁሉም የሚመቸኝ ታዲየስ ሜትዝ በ2007 ያቀረቡት ማብራሪያ ነው። አሜሪካ ተወልደው ደቡብ አፍሪካ የሚያስተምሩት ሜትዝ፣ አብሮነትን ለሁለት ከፍለው ያዩታል። አንደኛው «እኛ» ብሎ ራስን ከሌሎች ጋር መቁጠርና አንድ ዓላማ መጋራት ነው፤ ሁለተኛው ለሌላው ደኅንነት ከልብ መቆርቆርና ያንን በተግባር ማሳየት። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ ነው ግንኙነቱ የተሟላ የሚሆነው፤ ተለያይተው መገኘታቸው ግን የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ቲሸርት ያሳተመ፣ የድርጅት መዝሙር ያለው፣ በየዓመቱ መጨረሻ ድግስ የሚደግስ ኩባንያ የመጀመሪያውን አሟልቷል። ያው ኩባንያ ለስድስት ወር የታመመን ሠራተኛ በደብዳቤ ካሰናበተ ሁለተኛው የለውም። በተቃራኒው፣ ለችግረኞች ገንዘብ ልኮ ስማቸውን የማያውቅ በጎ አድራጊ ሁለተኛው አለው፤ የመጀመሪያው ይጎድለዋል። አብዛኛው የ«ኡቡንቱ ማኔጅመንት» ሥልጠና የመጀመሪያውን ብቻ የሚሸጥ ይመስለኛል። ርካሹ እሱ ነዋ።

ሐሳቡ ወደ ማኔጅመንት የገባበት ጊዜ ራሱ ብዙ ይናገራል። ዚምባብዌ ነፃ በወጣችበት በ1980 ስታንሌክ ሳምካንጅና ባለቤታቸው ቶሚ ማሪ ሳምካንጅ ኡንሁን ለአዲሲቱ አገር የፖለቲካ ፍልስፍና አድርገው በመጽሐፍ አቀረቡ። ከዚያ ታሪኩ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሻገራል። የ1993ቱ ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት በመደምደሚያው በቀል ሳይሆን መግባባት፣ ማጥቃት ሳይሆን ኡቡንቱ ያስፈልገናል አለ። በ1995 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የሞት ቅጣትን ሲሽር በርካታ ዳኞች ኡቡንቱን ጠቀሱ። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የመሩት የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን ደግሞ ቃሉን በቴሌቪዥን ለዓለም አደረሰው። በዚያው በ1995 ዚምባብዌያዊው ላቭሞር ምቢጊ ከጄኒ ማሪ ጋር ሆነው ኡቡንቱን የድርጅት ለውጥ አመራር መሣሪያ ያደረገ መጽሐፍ አወጡ። ምቢጊ ሕልውናን፣ መተጋገዝን፣ ርኅራኄን፣ መከባበርንና ክብርን እንደ አምስት ጣቶች ቆጥረዋቸዋል፤ ጣት ብቻውን አይጨብጥም ነው ነገሩ።

ዴንማርካዊው ተመራማሪ ክርስቲያን ጌድ የጽሑፍ መዛግብትን አገላብጠው ቃሉ ቢያንስ ከ1846 ጀምሮ በጽሑፍ እንደሚገኝ፣ ኡቡንቱን «ሰው በሰዎች ነው» ከሚለው አባባል ጋር አያይዞ መተርጎም የተለመደው ግን ከ1993 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት መሆኑን አሳይተዋል። ይህን ሰምተው «እንግዲህ የተፈጠረ ወግ ነው» ብለው የሚያጣጥሉ አሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። አንድ አሮጌ እሴት በጭንቅ ጊዜ ተፈልጎ ፍልስፍና ሲሆን ያ ሐሰት አያደርገውም፤ ማን እንደፈለገውና ለምን እንደፈለገው ግን ማወቅ ይገባል። በእነዚያ ዓመታት ሥራ አስኪያጆቹ በአብዛኛው ነጭ፣ ሠራተኞቹ በአብዛኛው ጥቁር የሆኑ ኩባንያዎች ነበሩ፤ በአፓርታይድ ማግስት ሁለቱን ወገኖች አንድ የሚያደርግ ቋንቋ በአስቸኳይ ያስፈልጋቸው ነበር። ኡቡንቱ ማንም ሊቃወመው የማይችል፣ ባለአክሲዮንን ሆነ ደመወዝተኛን ወዲያው ምንም የማያስከፍል ቃል ሆኖ ተገኘ።

ምንም አያስከፍልም ያልኩት ቃሉን ነው። አሠራሩ ግን ያስከፍላል፤ የሚያስከፍለውም ከማንም በላይ አለቃውን ነው። ይህን ለማየት ከሁሉ የሚሻለው ቦታ ስብሰባው ነው።

ኔልሰን ማንዴላ ልጅ ሳሉ ምከኬዝዌኒ በተባለው ስፍራ በቴምቡዎች እንደራሴ በጆንጊንታባ ቤት አድገዋል፤ እዚያ ያዩትን ሸንጎም በግለ ታሪካቸው ተርከውታል። እንደራሴው እንግዶቹን አመስግኖ የተሰበሰቡበትን ጉዳይ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ስብሰባው እስኪያልቅ አንዲት ቃል አይተነፍስም። መናገር የፈለገ ሁሉ፣ አለቃም ሆነ ተራ ገበሬ፣ ሳይቋረጥ ይናገራል። እንደራሴውን ፊት ለፊት አምርረው የሚወቅሱ ነበሩ፤ እሱ ግን ራሱን ሳይከላከል፣ ፊቱንም ሳያጠቁር ያዳምጣል። ማንዴላን ያስደነቃቸው ይህ ነበር። ድምፅ መስጠት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጥቂቱ በብዙኃኑ አይረገጥም። መጨረሻ ላይ፣ ጀንበር ስትጠልቅ፣ እንደራሴው የተባለውን ሁሉ ጠቅልሎ የሚያስማማ መቋጫ ይፈልጋል። ካልተስማሙ ማንንም አያስገድድም፤ ሌላ ስብሰባ ይጠራል። ከዚያ የሸንጎው አወዳሽ ገጣሚ ተነስቶ አለቆቹን እያወደሰም እየሸነቆጠም ይዘልፋቸዋል፤ ጮክ ብሎ የሚስቀውም እንደራሴው ራሱ ነው።

ይህን ከምናውቀው የሥራ ስብሰባ ጋር ማስተያየት ነው። ዳይሬክተሩ ይገባል፤ ለሃያ ደቂቃ አቅጣጫ ያስቀምጣል፤ «አስተያየት ካላችሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው አስተያየት የእሱ ንግግር ማስተጋቢያ ነው፤ ስህተቱን ያየው ሰው አጎንብሶ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ይሞነጫጭራል። መሪ መጨረሻ ይናገር የሚለው ደንብ ትሕትና ለማሳየት ብቻ የተበጀ አይደለም፤ መረጃ ከታች ወደ ላይ ሳይጣራ እንዲደርስ የሚያደርግ አሠራር ነው። ሽንቆጣው ደግሞ ሥልጣን ላይ ያለው ሰው ስድብ መቻሉን በአደባባይ የሚፈተንበት ነው። በዚህ ላይ አለቅነቱ ራሱ ከሰዎቹ ጋር የታሰረ ነው፤ በቦትስዋና «ኮሲ ኬ ኮሲ ካ ሞራፌ» ይላሉ፣ አለቃ አለቃ የሚሆነው በሕዝቡ ነው።

ጋናዊው ፈላስፋ ክዋሲ ዊሬዱ ስለዚህ ዓይነቱ ስምምነት አንድ የጠራ ነገር ብለዋል። ስምምነት ማለት ሁሉም ያው እምነት ይኖረዋል ማለት አይደለም፤ ምን እውነት ነው በሚለው ላይ ተለያይተውም ምን እናድርግ በሚለው ላይ መስማማት ይቻላል። የጋናዎቹ አካኖች ምልክት የሆኑትን ሁለት ራስና አንድ ሆድ ያላቸውን አዞዎች ይጠቅሳሉ፤ ራሶቹ ምግቡን ይሻሙበታል፣ ሆዱ ግን አንድ ነው። ዘዴው በዘመናዊ ድርድርም ተሞክሯል። በ2011 ደርባን ላይ በተካሄደው የዓለም አየር ንብረት ጉባኤ፣ በኋላም በ2015ቱ የፓሪስ ጉባኤ፣ ነገሩ ሲጠጥር ተደራዳሪዎች «ኢንዳባ» በሚባለው የዙሉዎችና የኾሳዎች የምክክር ሥርዓት ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል።

ዋጋው ጊዜ ነው። እሳት የያዘው መጋዘን ፊት ቆሞ ሸንጎ አይጠራም። ተሟጋቾቹ መልስ አላቸው፤ በውሳኔው ላይ የጠፋው ጊዜ በአፈጻጸሙ ይመለሳል፣ የተስማማ ሰው ተቆጣጣሪ አያሻውም ይላሉ። ለትልልቅ ውሳኔዎች እውነት ይመስለኛል፤ ለዕለት ሥራ ግን ማን ምን ብቻውን መወሰን እንደሚችል ቀድሞ ካልተለየ ስብሰባ የሥራ መሸሺያ ይሆናል። ሌላ ጉድለትም አለ። ያንን ሸንጎ ሲያሞግሱ ማንዴላ ሴቶች እንደ ሁለተኛ ዜጋ ይታዩ እንደነበር አልሸሸጉም። ሁሉም የሚናገርበት ሸንጎ የተባለው ወንዶቹ ሁሉ የሚናገሩበት ነበር።

ከስብሰባው ወጥተን ወደ ገንዘብ እንምጣ። ትእዛዝ የቀነሰበት አንድ የልብስ ፋብሪካ እናስብ፤ የደመወዝ ወጪውን በአምስተኛ እጅ መቀነስ አለበት። የውሎች ቋጠሮ የሚለው አስተሳሰብ መልሱ ቀላል ነው፦ ከአምስት ሠራተኛ አንዱን አሰናብት። በኡቡንቱ የሚያስብ አመራር ጉዳቱን ለማካፈል ይሞክራል፤ የሥራ ሰዓት ይቀነሳል፣ የደመወዝ ቅነሳው ከላይ ይጀምራል፣ ለባለአክሲዮኖች የሚከፈለው ትርፍ ይዘገያል። እዚህ ላይ ግን አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። ሠራተኛው ጉዳቱን ተካፈል ሲባል የሒሳብ መዝገቡን የማየት መብት አለው፤ ደግ ዘመን ሲመጣ ደግሞ ጥቅሙንም ይካፈላል። መዝገቡ ተዘግቶ፣ ትርፍ ሲመጣ «የባለቤቶቹ ነው» ከተባለ፣ «ቤተሰብ ነን» የሚለው ቃል ትርፍ ሰዓት ያለ ክፍያ ማሠሪያ ነው። ዴቪድ ሉትዝ በ2009 የጻፉት ክርክርም ወደዚህ ያመራል፦ ኩባንያ የሰዎች ማኅበር ነው ካልን፣ የመሪው ተቀዳሚ ግዴታ የባለአክሲዮኑን ሀብት ማብዛት ነው ከሚለው ትምህርት ጋር አብሮ መሄድ አይቻልም። አንዱን መምረጥ ነው።

የአብሮነት ተቋም ልል ነው፣ ይሉኝታ እንጂ ሥርዓት የለውም ብሎ የሚጠረጥር ካለ ዕድርን ይመልከት። ዕድር የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ፣ የተመረጠ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። መዋጮ ያዘገየ ይቀጣል፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ደጋግሞ ያጠፋ ይሰረዛል። ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑና ወንበሩ የሚመጣው በአባልነት መብት ነው፤ ሐዘንተኛው ለማንም ደጅ አይጠናም። የደቡብ አፍሪካው ስቶክቬል፣ የእኛን ዕቁብ የሚመስለው የቁጠባ ማኅበር፣ እንዲሁ በተራና በደንብ ይሠራል። እነዚህ ተቋማት የሚቆሙት አባላቱ ስለሚዋደዱ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም የሚያውቀው፣ በሰብሳቢውም ላይ የሚሠራ ግዴታ ስላለ ነው። የማኔጅመንት ጸሐፊዎች ከአብሮነት ፍልስፍና ሙቀቱን ወስደው ደንቡን የተዉት ይመስለኛል።

ደንቡ ሲቀር የሚመጣውን ታንዛኒያ አይታዋለች። ጁልየስ ኔሬሬ በ1967ቱ የአሩሻ መግለጫ «ኡጃማ» የተባለውን የቤተሰባዊነት ሶሻሊዝም የአገር መመሪያ ሲያደርጉ መነሻቸው የአፍሪካ ቤተሰብ መተጋገዝ ነበር፤ የጋራ መንደሮቹም በፈቃድ እንዲመሠረቱ ነበር የታሰበው። ከ1973 በኋላ ግን ገበሬው በግዳጅ ይሰፍር ጀመር፤ ሚሊዮኖች ከቀያቸው ተነሱ፣ የእርሻ ምርትም ተጎዳ። ሽማግሌዎች ተነጋግረው ይስማማሉ የተባለለት ሥርዓት ከላይ በትእዛዝ ወረደ። በድርጅት ውስጥም በደብዳቤ የታዘዘ አብሮነት ዕጣው ከዚህ የተለየ አይሆንም።

ሌላው ስጋት ዘመድ ነው። «የኛ» ማለት ምን ያህል ሰፊ ነው? የወንድሜን ልጅ ብቀጥር ግዴታዬን ተወጣሁ ወይስ የድርጅቱን ማኅበር ከዳሁ? ፍልስፍናው ብቻውን ይህን አይመልስም፤ የቅጥር ደንብ ያስፈልጋል። «አፍሪካዊ» ስንልም መጠንቀቅ ነው። የባህል መለኪያ በማውጣት የታወቁት ኼርት ሆፍስቴድ በ1980ው መጽሐፋቸው ካነጻጸሯቸው 40 አገሮች መካከል ከሰሐራ በታች የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበረች፤ በኋላም ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ዛምቢያን «ምሥራቅ አፍሪካ» ብለው አንድ ቁጥር ሰጧቸው። አዲስ አበባና ሉሳካ እኩል ነጥብ አመጡ ማለት ነው! የኡቡንቱ ጸሐፊዎች ከአንድ የደቡብ አባባል ተነስተው ስለ መላው አህጉር ሲናገሩ የሚሠሩት ስህተት ያው ነው።

ወደ ደቡብ አፍሪካ ስንመለስ፣ ኡቡንቱ ዛሬ በኩባንያ አስተዳደር ሰነድ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። በዳኛ ሜርቪን ኪንግ ይመራ የነበረው ኮሚቴ የመጀመሪያ ሪፖርቱን በ1994 አወጣ፤ በ2002ቱ የአፍሪካ እሴቶችን ጠቀሰ፤ በ2016ቱ አራተኛ ሪፖርት ደግሞ ኡቡንቱንና ቦቶን በስማቸው አንስቶ ኩባንያ የኅብረተሰብ አካል ነው አለ። በ2002ቱና በ2016ቱ ሪፖርቶች መካከል ግን ማሪካና በተባለው የማዕድን ሥፍራ የሆነው አለ። በኦገስት 2012 የሎንሚን የፕላቲነም ማዕድን ሠራተኞች 12,500 ራንድ የወር ደመወዝ ጠይቀው ሥራ አቆሙና አንድ ኮረብታ ላይ ተሰበሰቡ። የኩባንያው ኃላፊዎች እዚያው መጥተው እንዲያነጋግሯቸውም ጠየቁ። ኩባንያው ከመደበኛው የድርድር መስመር ውጭ አላነጋግርም አለ። ኦገስት 16 ቀን ፖሊስ 34 ሰዎችን ተኩሶ ገደለ፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናትም ፖሊሶችንና የጥበቃ ሠራተኞችን ጨምሮ 10 ሰዎች ሞተው ነበር። ኑና እንነጋገር የሚለው ጥያቄ ከምከኬዝዌኒው ሸንጎ የወጣ ነው ቢባል የሚያስኬድ ነው፤ ሠራተኞቹ ግን «ኡቡንቱ» ብለው አልጠሩትም።

ማኅበሩ ውስጥ ያለው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ደግሞ በየፋብሪካው በር ላይ ይጠብቃል። አንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ከሚሠሩ ሁለት ሰዎች አንዱ የኩባንያው፣ ሌላው የአሠሪ ኤጀንሲ ቅጥር ሊሆን ይችላል፤ «ቤተሰባችን» ሲባል ሁለተኛው አይቆጠርም። ይህን የደፈረው ፍልስፍናው ሳይሆን ሕግ ነው። ደቡብ አፍሪካ ከ2015 መጀመሪያ አንስቶ ተግባራዊ ባደረገችው የሠራተኛ ሕግ ማሻሻያ መሠረት፣ ደመወዙ ከተወሰነ ጣሪያ በታች የሆነ የኤጀንሲ ሠራተኛ ከሦስት ወር በላይ ከሠራ የሚሠራበት ኩባንያ ሠራተኛ ተደርጎ ይቆጠራል። ኤጀንሲዎቹ አሠሪነቱ የሁለታችንም ነው ብለው ተሟገቱ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2018 አልተቀበላቸውም፤ ለዚህ ሕግ ጉዳይ አሠሪው ሰውየው የሚሠራበት ኩባንያ ብቻ ነው ሲል ወሰነ።